ከአምስት ቤት አንዱ

ግንቦት 11፣ ሰኞ

መብራት የለም። አራተኛ ቀኑ። ዛሬ ጠዋት ለአፍታ ብልጭ አለና የላፕቶፔን ቻርጀር አቃጥሎ ሄደ። ሽታው እስካሁን ቢሮው ውስጥ አለ። ወረታ ላይ የሚጠግነው አልተገኘም፤ ባሕር ዳር መላክ አለበት። መቼ? እንጃ።

አቶ ይርዳው ጠሩኝ። ኃላፊያችን እሳት ካልነካቸው አይጠሩም። መጋዘኑ ተሠርቶ አልቋል አሉኝ። ከአስፋልቱ ዳር በድንጋይ ከፍ ተደርጎ የተሠራው የእህል መጋዘን ነው። ክረምቱን ሙሉ፣ የርብ ወንዝ ሞልቶ እስኪጎድል፣ የስልሳ አባወራ እህል ያስቀምጣል። ጠያቂው ግን መቶ አርባ ነው።

«የቀበሌው ሊቀመንበር ይምረጥ ብል ዘመዱን ይሞላዋል። እኔ ልምረጥ ብል እኔን ይበሉኛል። ቁጥር ይምረጥ። ያንቺ ጥናት አለ አይደል?»

አለ። የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ። ካቻምና ውሃው የገባ ጊዜ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ዞሬ፣ የማን እህል ረጠበ፣ የማን ተረፈ፣ ለምን… ብዬ ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በሚሉት የዕድል ስሌት የሠራሁት። ሠንጠረዡን አምጥቼ ስለ ኦድስ ሬሾ ማስረዳት ጀመርሁ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ኦድስ የምትይው ለእኔ ምን ይሠራልኛል? የእከሌ እህል የመርጠብ ዕድሉ ከመቶ ስንት ነው? እሱን በይኝ።»

እውነታቸውን ነው። ስመረቅም ማንም እንዲህ አልጠየቀኝም።


ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ላፕቶፕ ባይኖር ምን ይገደኛል? የታተመው ሠንጠረዥ በእጄ ነው። የሚያስፈልጉኝ አምስት ቁጥሮች ናቸው። እዚህ ልገልብጣቸው፣ ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ…

መነሻው 2.10። ከወንዙ ለሚርቀው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 0.90 ይቀነሳል። ለእያንዳንዱ ሄክታር መሬት 1.40 ይቀነሳል። መሬት ያለው አህያም ሰውም አያጣም፣ እህሉን ቀድሞ ያሸሻል። ጉልበት ያለው ወንድ ቤት ውስጥ ካለ 0.80 ይቀነሳል። እህሉ መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ቆጥ ላይ ከተቀመጠ 1.10።

የቀረውን ወደ ዕድል መለወጥ ነው ሥራው። ስልኬን አግድም ስይዘው ሒሳብ ማሽኑ ላይ «ኢ» የምትለዋ ፊደል ብቅ ትላለች። እሷን በቀረው ቁጥር ከፍ ማድረግ። የመጣውን፣ አንድ ለተጨመረበት ለራሱ ማካፈል። አለቀ። መልሱ ከዜሮ አይወርድም፣ ከአንድም አይወጣም።

ለሙከራ አንድ ቤት ፈጠርሁ። ከወንዙ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ግማሽ ሄክታር፣ ወንድ አለ፣ ቆጥ የለም። 2.10 ሲቀነስ 0.90፣ ሲቀነስ 0.70፣ ሲቀነስ 0.80… −0.30 ቀረ። «ኢ» በዚህ ሲነሳ 0.74። ለ1.74 ሳካፍለው 0.43። ከመቶ አርባ ሦስት!

እንዲህ ያሉ መቶ ቤቶች ቢኖሩ የአርባ ሦስቱ እህል ይረጥባል ማለት ነው። የትኞቹ? እሱን ቁጥሩ አያውቅም።

ደስ ብሎኝ ዋልሁ። ሞኝ ነኝ መሰለኝ።


ግንቦት 18፣ ሰኞ

የላይ ሰፈሩን ስልሳ ቤት ራሴ ዞሬ ጨርሻለሁ። ዛሬ ባልደረባዬ አዛናው ከታች ሰፈር፣ ከርብ ጥግ፣ ሰማንያ ቅጽ ሞልቶ መጣ። እኔ ባዘጋጀሁት ቅጽ። ፊቱ አቧራ፣ ጫማው አቧራ። ቆሞ «አይናለም፣ የመሬቱን ነገር…» ብሎ ጀመረ። እኔ ደግሞ መሐል ሒሳብ ላይ ነኝ።

«ቅጹን አስቀምጥልኝና ሂድ፣ ቁጥሬን ታጠፋብኛለህ» አልሁት።

ከፋው። ነገ ሻይ እጋብዘዋለሁ።


ግንቦት 20፣ ረቡዕ

አርባ ሰባት ቤት ደረስሁ። አውራ ጣቴ ደነዘዘ። ስልኬን ፋርማሲው ሶላር ላይ እየሰካሁ ነው የምሠራው። ሻዩን ረሳሁት።


ግንቦት 24፣ እሑድ

ጨረስሁ። መቶ አርባውንም። ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደርኋቸው።

ሁለት ነገር።

አንደኛ፣ ከታች ሰፈር የገባው ስድስት ቤት ብቻ ነው። ሃምሳ አራቱ የላይ ሰፈር ሰው። ይገርማል… ውሃውን ስለለመዱት ይሆን? የለመደ ሰው እህሉን ማሸሽ ያውቅበታል። ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ሃምሳ አንደኛው አጎቴ ናቸው። አጎቴ ገበያው። ከወንዙ 1.4 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሄክታር፣ ወንድ አለ፣ ቆጥ የለም። −1.36 ቀረ፤ ሲለወጥ 0.20። ሦስት ጊዜ ደገምሁት። 0.20 ነው። ስማቸውን ሳየው ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደስ በማለቴ አፈርሁ። ግን ምን ላድርግ? አጎቴ ስለሆኑ ላስወጣቸው? ቁጥር ነው የመረጠው።

እናቴ ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር። እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ። አንድ ክረምት ውሃ ሲገባ እኔንና ዶሮዎቹን ቆጥ ላይ ሰቅለው፣ እሳቸው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ተረት ሲያወሩልኝ ዋሉ። ያ ቆጥ አርጅቶ ከፈረሰ ቆየ።


ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ማኅተም ተመታ፣ ተለጠፈ። ግርጌው ላይ «ያዘጋጀችው» ተብሎ ስሜ አለ።

አጎቴ ደወሉ። ከማን ስልክ እንደሆነ እንጃ፣ ጫጫታ አለ። «አይኔ! ሃምሳ አንደኛ ወጣሁ አሉኝ። ትምህርት ቤት ገብቼ ቢሆን ይሄን ያህል ደረጃ አላገኝም ነበር!» የሚስቀው ሰው ብዛቱ።


ግንቦት 29፣ ዓርብ

ወፍጮ ቤት ከኋላዬ ሁለት ሴቶች። ድምፃቸውን ዝቅ ማድረጉ ለወጉ ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ።»

«የእኛዋ በቅሎ ደግሞ አጎቷን መጋዘን አስገባችው።»

ዞር ብዬ «ሒሳብ ነው!» ልላቸው ነበር። ተውሁት። ዱቄቴን ይዤ ወጣሁ።


ሰኔ 2፣ ሰኞ

ዛሬን እንዳለ ልጻፈው።

ከምሳ በፊት አንዲት ሴት ገቡ። ስልሳ ሳይሞላቸው አይቀርም። እጃቸው ላይ ከቁመታቸው አጠር ያለች በትር። ከታች ሰፈር በእግራቸው ነው የመጡት። እትዬ ሸዋነሽ።

«ልጄ፣ ቁጥር የምትሰጪው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«እኔ ነኝ እትዬ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ለእኔ ስንት ሰጠሽኝ?»

ደብተሬን ገለጥሁ። «ሰባት። ከመቶ ሰባት።»

«ሰባት ምን?»

«እንደ እርስዎ ያሉ መቶ ቤቶች ቢኖሩ የሰባቱ እህል ይረጥባል ማለት ነው። የዘጠና ሦስቱ ይተርፋል።»

ከዚያ በትሯን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሟት። ሁለት ቦታ በቢላ ምልክት ተደርጎባታል። አንዱ ምልክት ከጉልበት በላይ፣ አንዱ ከጉልበት ትንሽ በታች።

«ይቺ ካቻምና፣ ይቺ አምና። በቤቴ በር መቃን ላይ ውሃው ከደረሰበት ለክቼ ነው የቆረጥኋት። ሁለቱንም ዓመት ጎታዬ ከሥሩ ራሰ። ከሥሩ ከራሰ ደግሞ ላዩ አይተርፍም፣ ይናዳል። እስቲ ያንቺን ሰባት እዚች ላይ አሳይኝ።»

ቅጻቸውን ፈልጌ አወጣሁ። አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ከወንዙ ግማሽ ኪሎ ሜትር፣ ልክ ነው። ወንድ? «ባሌ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ልጄ መተማ ነው።» ልክ ነው። ቆጥ? «ማን ይሥራልኝ?» ልክ ነው። መሬት?

«ሦስት።»

«ሦስት…»

«ሦስት ቃዳ ነዋ! ሌላ ሦስት ምን አለኝ?»

ቅጹን እንደገና አየሁት።

አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። በእኛ አገር ገበሬ መሬቱን በቃዳ እንጂ በሄክታር አይቆጥርም፤ ሄክታር የቢሮ ቋንቋ ነው። ላይ ሰፈር እኔ ስጠይቅ እነሱ በቃዳ ይነግሩኛል፣ እኔ እዚያው በልቤ ለአራት አካፍዬ እጽፋለሁ። አዛናው እንደነገሩት ጻፈ። ቅጹ ላይ ደግሞ «የመሬት ስፋት» ይላል፣ በቃ። በምን? አይልም። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ። እኔ የፎገራ ልጅ!

እትዬ ሸዋነሽን ባለ ሦስት ሄክታር አድርጌ 4.20 ቀነስሁባቸው። ትክክለኛው 1.05 ነው። እሳቸው ቆመው እያዩኝ እንደገና ሠራሁት። 2.10 ሲቀነስ 0.45 ሲቀነስ 1.05… 0.60። «ኢ» በዚህ ሲነሳ 1.82። ለ2.82።

«ስልሳ አምስት» አልኋቸው።

«ከሰባት ስልሳ አምስት? አሁን፣ እዚሁ ቆሜ?» በትራቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ኸረ ውሃውም እንዲህ አይፈጥንም!»

ስህተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኋቸው። አልተቆጡም። «እና ልገባ ነው?» ብቻ አሉ። አላውቅም አልሁ። በትሯን ትተውልኝ ሄዱ። «ታስታውስሽ» ብለው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ ገና አልለቀምሁም።


ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

አዛናውን ጠራሁት። «የመሬቱን ነገር ልትነግረኝ ነበር…»

«በቃዳ ነው የጻፍሁት ልልሽ ነበር። ሂድ አልሽኝ።»

ይህን ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አቶ ይርዳው ዘንድ። ሁሉንም ነገርኋቸው። በሩን ዘጉት።

«ማኅተም የተመታበት ወረቀት ነው። ሰው እህሉን ማስገባት ጀምሯል። አሁን ተሳስተናል ብንል ነገ ማን ያምነናል? የዘንድሮው ይለፍ። ለከርሞ ታስተካክያለሽ። ዝም አይነቅዝም፣ አይናለም።»

«ዝም ባይነቅዝም እህሉ ይበሰብሳል» አልኋቸው። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥሁ። ለአለቃ እንዲህ አይባልም። ወጣሁ።


ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ሰማንያውንም እንደገና። አዛናው ይጠራል፣ ለአራት ያካፍላል፣ እኔ እሠራለሁ፣ እሱ በራሱ ስልክ ይደግመዋል። ካልተስማማን ሦስተኛ ጊዜ። ሻዩንም በመጨረሻ ጋበዝሁት።

አዲሱ ዝርዝር፦ ከታች ሰፈር አርባ ስምንት፣ ከላይ ሰፈር አሥራ ሁለት። አርባ ሁለት የላይ ሰፈር አባወራ ይወጣል። እትዬ ሸዋነሽ አሥራ ዘጠነኛ። አጎቴ… መቶ አሥራ ሁለተኛ።

የእሳቸው ቁጥር አልተነካም። ያው 0.20 ነው። የተነካው የሌላው ነው። ይሄን ለማን ብዬ አስረዳለሁ? እህላቸውን ባለፈው እሑድ በአህያ አስገብተዋል። ሰባት ኩንታል።

ከሰዓት የእትዬ ሸዋነሽን በትር ይዤ አቶ ይርዳው ጠረጴዛ ላይ አጋደምኋት። ምንድን ናት አሉኝ። ነገርኋቸው። ምልክቶቹን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ወደ ራሳቸው እግር አስጠግተው ለኩ።

«ደብዳቤውን አምጪ፣ እፈርማለሁ። ሰው ፊት ቆመሽ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ለአጎቴ ልደውል? ቀድሜ ከነገርኋቸው ተመካከሩ ይባላል… ብዬ ተውሁት። ለራሴ እንኳ እውነቱን ልጻፍ። ስለፈራሁ ነው።


ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

መጋዘኑ በር ላይ ሁሉም ነበሩ። የላዩም የታቹም። ድንጋይ ላይ ቆምሁ።

«ስህተት ሠርቻለሁ። የታች ሰፈርን መሬት፣ በቃዳ የተነገረንን፣ በሄክታር ቆጠርሁት።»

ሌላ ማስረዳት ሳያስፈልገኝ ገባቸው። ቢሮ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን እነሱ በአንድ ትንፋሽ። ከኋላ አንዱ ጮኸ፦

«እት ሸዋነሽ! ሦስት ሄክታር ካለሽ ለእኔ አንዷን ወርውሪልኝ እንጂ!»

«ና ውሰዳት! ውሃውን ጨምሬ ነው የምሰጥህ» አሉ እትዬ ሸዋነሽ። የታች ሰፈር ሰው በሳቅ ፈረሰ። የላዩ አልሳቀም።

አዲሶቹን ስሞች አነበብሁ። የሚወጡትንም። «ገበያው» አልሁ። አጎቴ ከፊት ነው የቆሙት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«የገባ እህል አይወጣም!» አለ አንዱ የላይ ሰፈር ሰው። «አይወጣም! ማኅተም አለን!» ነገሩ መክረር ጀመረ። አቶ ይርዳው ወደ መኪናቸው አየት አየት ማድረግ ጀመሩ።

ያኔ አጎቴ ገቡ። ማንንም ሳያናግሩ መጋዘኑ ውስጥ ገብተው አንድ ማዳበሪያ ሩዝ በትከሻቸው ይዘው ወጡ። በር ላይ አስቀመጡት። ተመልሰው ገቡ። ሁለተኛ። ሦስተኛው ላይ ጎረቤታቸው እያጉረመረመ ተከተላቸው። ከዚያ ሌላው። «አይወጣም» ያለውም ሳይቀር። ጭቅጭቁ እዚያ ላይ ቆመ።

አህያ ሲጭኑ ሄጄ አጠገባቸው ቆምሁ።

«የእኔ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃያ። ከመቶ ሃያ። ከአምስት አንድ ማለት ነው ጋሼ።»

«እኛ ጉብታው ላይ አምስት ቤት ነን።» ገመዱን አጠበቁ። «እንግዲህ አንዱ ማንኛችን እንደሆነ እግዜር ያውቃል።» ወደ እኔ ዞረው፦ «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አይኔ? እኔ ልከለክልሽ ነበር?»

ሄዱ።


ሰኔ 8፣ እሑድ

አልደወልሁም። አልደወሉም።


ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዝናቡ አያባራም። ስኳርና ሳሙና ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ምሳ አበሉኝ፣ ስለ ሩዙ አወሩኝ፣ ያን ቀን አላነሱትም። አለማንሳታቸው ያስጨንቃል።

ቆጥ ይሠራ አልኋቸው። ሒሳቡን ሠርቼ ነው የመጣሁት። ቆጥ ካለ ከሃያ ወደ ስምንት ይወርዳል። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ጋሼ።»

«እንጨቱ ሲገኝ። ወገቤም ሲሻለው።»

ሰው ልላክልዎት አልሁ። አያስፈልግም አሉ። እኔም «እሺ» ብዬ ተመለስሁ። ለምን እሺ አልሁ?


ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ርብ ከትናንት ወዲያ ዳሩን ሰበረ። ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው። ከአስፋልቱ ላይ ሆኜ አየሁት፣ የዛፍ ጫፍና የጣራ ጫፍ ብቻ። ኔትወርክ የለም። ሰው ደህና ነው ይላሉ። እህልስ? ገና አይታወቅም።


ነሐሴ 12፣ ሰኞ

መጋዘኑ ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ አልገባውም። እትዬ ሸዋነሽ በታንኳ ወጥተው ወረታ እህታቸው ዘንድ አርፈዋል። ቤታቸው ውስጥ ውሃው ከካቻምናው ምልክት አንድ ስንዝር አልፏል። «በትሬን ስጪኝ፣ ሦስተኛውን ልቁረጥ» አሉኝ። እህላቸውን ነካክተው አይተው፣ እጃቸውን አሸተቱ። «ደረቅ ነው» አሉ። ደጋግመው። «ደረቅ ነው።»

ከአጎቴ ወሬ የለም።


ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ደረስሁ። ግማሹን በታንኳ፣ ግማሹን በእግር።

ጉብታው ላይ አምስት ቤት። አራቱ ደህና ናቸው። የአጎቴ ግቢ ኋላ ያለው ቦይ ተደርምሶ ውሃው በጓሮ ገብቷል። በእሳቸው ቤት ብቻ። ከበር ሳልደርስ ሸተተኝ። የራሰ እህል ሽታ። ጎታው ከሥሩ ተንዷል። ሩዙ ያብጣል፣ ይሞቃል። የጓያና የሽንብራ ዘሩ በቅሏል፣ እንደ ፀጉር ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ።

አጎቴ ደጃፍ ላይ ቆዳ ዘርግተው፣ በጭላንጭል ፀሐይ የሚተርፈውን ከማይተርፈው ይለያሉ። ሲያዩኝ ተነሱ።

«ከአምስት አንድ አላልሽኝም?» አሉ። «ይኸው አንዱ። እንዴት ያለች ሒሳብ ናት፣ አትሳሳትም እኮ!»

ሳቁ። የእውነት ሳቃቸውን። እኔ እዚያው ቁጢጥ ብዬ አለቀስሁ። ጭንቅላቴ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። እጃቸውም ያንን ይሸታል።

«ተይ እንጂ። ያቺ ሴትዮ፣ ባለ በትሯ፣ እህሏ ደረቅ ነው?»

«ደረቅ ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ምን ሆንሽ?»


ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ከአዛናው ጋር ቆጠርነው። በእርማቱ ከታች ሰፈር ከገቡት አርባ ሁለት ቤቶች፣ ውሃው ጎታቸው ቦታ የደረሰው ሃያ ዘጠኝ። ከላይ ሰፈር ካስወጣናቸው አርባ ሁለት ውስጥ የረጠበበት ሰባት።

ዝም ብል ኖሮ ሰባቱ ይተርፉ፣ ሃያ ዘጠኙ ይበሰብሱ ነበር። አቶ ይርዳው ይሄን በሪፖርት ጻፊው አሉ። «ትክክል ነበርን ማለት ነው» አሉ። አዎ፣ ትክክል ነበርን። ከሰባቱ አንዱ ግን ያሳደገኝ ሰው ነው። ለዚያ ሪፖርቱ አምድ የለውም።


ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

አጎቴ ቤት ዋልሁ። አዛናው እንጨቱን ባለፈው ሳምንት አስመጥቶ ነበር፣ ሳያስፈቅዳቸው። ዛሬ ቆጡን ጨረስነው፤ እሱ ምስማር፣ እኔ ገመድ፣ አጎቴ ትእዛዝ። «ወደ ግራ! ኸረ ወደ ግራ! ዩኒቨርሲቲ ግራና ቀኝ አያስተምርም?»

ከምሳ በኋላ እትዬ ሸዋነሽ በአህያ መጡ። አንድ ማዳበሪያ የጓያ ዘር። ከመጋዘኑ የወጣው። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ሳይደርቅ መዘራት አለበት፣ ሳምንት ካለፈ አይሆንም። አጎቴ ዘር እንደሌላቸው እትዬ ሸዋነሽ ከእኔ አልሰሙም፤ እኔ አልነገርኋቸውም። ሜዳው ላይ የማይሰማ ነገር የለም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ አጎቴ።

«ቦታዎን ይዤብዎት ከርሜ አልነበር? የቦታው ነው።»

«ቦታው መቼ የእኔ ሆነ። ቁጥር ናት የሰጠችኝ፣ ቁጥር ናት የነሳችኝ።»

«እንግዲያ ለቁጥሯ ይስጧት» ብለው እትዬ ሸዋነሽ ማዳበሪያውን እኔ እግር ሥር አወረዱት። አዛናው በሳቅ ሞተ። አጎቴ ተሸነፉ። ሰኞ ይዘራሉ።

ሲመሽ ሳልሄድ፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የዘንድሮውን መረጃ መመዝገብ ጀመርሁ። አዲስ ቅጽ ነው። «የመሬት ስፋት፣ በቃዳ» ይላል፤ ለአራት ማካፈሉ የእኔ ሥራ። አንድ አምድ ጨምሬያለሁ፦ «እህሉ መጋዘን ነበር ወይ?» አለዚያ ለከርሞ ሒሳቡ ታች ሰፈር ውሃ የማይገባበት ይመስለዋል።

እትዬ ሸዋነሽ፦ ሦስት ቃዳ። መጋዘን፣ አዎ። የመጨረሻው አምድ፣ እህሉ ረጠበ ወይ? ከረጠበ አንድ፣ ካልረጠበ ዜሮ። ዜሮ።

አጎቴ ከትከሻዬ በላይ ያያሉ። ማንበብ አይችሉም፣ ቁጥር ግን ያውቃሉ። «የእኔንስ?»

ገበያው፦ አራት ቃዳ። ቆጥ፣ የለም። ያኔ አልነበረም። መጋዘን፣ አይደለም። የመጨረሻው አምድ ላይ ብዕሬ ቆመ።

«ጻፊው» አሉ። «የሆነው ነው።»

አንድ ብዬ ጻፍሁ።